ልዩ ደንበኛ የሆነው ቁልፍ ቀራጭ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ተቀንሶ ስንት ይመጣል? ወጣት ሳለሁ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በዚሁ ጉዳይ ላይ የተጻፉ ወፋፍራም መጻሕፍት አነበብሁ፤ ኋላም ቆሜ ለሌሎች አስተማርሁ፤ መልሱን ሳላገኘው ጡረታ ወጣሁ። ባንክ ግን መልሱ በእጁ ነው። በየወሩ መጨረሻ ይደምርና የድካሙን ቆርጦ የቀረውን በስልክ ያሳውቃል። ላሳወቀበትም ያስከፍላል። ፈላስፎቹ ሌላው ቢቀር ይህን አላደረጉም።

ነገሬ ስለ አንድ ቁልፍ ቀራጭ ነው። እኩዮቹ «ቁልፉ» ይሉታል፣ ታናናሾቹ «ጋሼ ቁልፉ»። የእናቱን ስም እንኳ የሚያውቅ ሰው ሲጠራው ዞር የሚለው በዚህ ስም ነበር። ሱቁ፣ ሱቅ ካልናት፣ በሁለት ግንብ መካከል ተረስታ የቀረች ክፍተት ነበረች። ክንዱን ቢዘረጋ ግራና ቀኙን ይነካል። ከፊቱ መቅረጫ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ሥር የናስ ብናኝ፤ ብናኙ ጥፍሩ ውስጥ ገብቶ ቀለም ሆኖ ቀርቷል። ማሽኑ ሲጮህ ጥርስ ያፋጫል። እኔ የምኖረው ከእነዚያ ሱቆች በላይ፣ ልጄ ቤት ነው፤ ስለዚህ ፍልስፍናዬን ሁሉ ያሰብሁት በዚያ ጩኸት ላይ ነው ማለት እችላለሁ።

ሥራውን ያስተማረው አጎቱ ነው። አጎቱ የሰጠው ትምህርት አጭር ነበር፦ ክፈት፤ ወደ ውስጥ አትይ። እሱም ይህን ቃል በቃል ይዞት ኖረ። ሚስቱን ያገኘው ቁልፉ የጠፋባትን ሻንጣ ይዛ መጥታ ነው። ከፈተላት፤ ክዳኑን ግን ሳያነሣ፣ እንደተገጠመ መልሶ ገፋላት። «ሌላው ወንድ ቢሆን ቢያንስ አየት ያደርግ ነበር» ትላለች እስከ ዛሬ። «ጅል መስሎኝ ነው ያገባሁት። ኋላ ሳየው ጅል አልነበረም፤ ግን ተፈጽሞ ነበር።»

በዚያ የሱቅ ረድፍ አንድ ልማድ ነበር። ሁሉም ትርፍ ቁልፉን እሱ ጋ ያኖራል። ከጀርባው ያለው ግድግዳ ምስማር በምስማር ነው፤ የልብስ ሰፊዋ፣ የጫማ ሰፊው፣ የፎቶ ኮፒዋ፣ የፀጉር አስተካካዩ፣ የሱቃቸውም የቤታቸውም ቁልፍ እዚያ ላይ ተንጠልጥሏል። ስም የተጻፈበት የለም። ቁልፉ የጠፋበት ሰው ላብ በላብ ሆኖ ሲመጣ፣ እሱ ዞር ሳይል እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ ያወርድለታል። እኔ ቁልፍ የለኝም፤ ልጄ ዘንድ የምኖር፣ በር የሚከፈትልኝ ሰው ነኝ። ግድግዳውን ግን ባየሁ ቁጥር፣ አንድ መንደር ምን ያህል ማመን እንደሚችል የሚለካ መሣሪያ ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ጧት የባንኩ መስተዋት በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ለተሻለ አገልግሎት ሲባል» ብሎ ይጀምራል። እንዲህ የሚጀምር ነገር መጨረሻው አያምርም፣ ግን ሁሉም ቆሞ አነበበው። ሒሳብ ያለው ሁሉ በየወሩ ይከፍላል። በመስኮት ገንዘብ የሚያስገባ ይከፍላል። መልእክት የሚደርሰው ይከፍላል። ገንዘቡ ከተወሰነ በታች የወረደበት ደግሞ፣ ስላነሰበት ይከፍላል።

«እኔ እኮ ገንዘቤን ሳስቀምጥ እነሱ የሚከፍሉኝ መስሎኝ ነው የገባሁት» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ከማሽኗ ኋላ እንደተቀመጠች፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ።

«አንቺ ደሞ» አለ ጫማ ሰፊው። «ዕቃ ሲቀመጥ ኪራይ ይከፈላል። ገንዘብሽ እዚያ በነፃ ተኝቶ የሚያድር መሰለሽ?»

«ተኝቶስ ቢሆን ጥሩ ነበር። ጧት ስሄድ ቀጥኖ ነው የማገኘው።»

«እኔ ትናንት መልእክት ደረሰኝ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። « ለመልእክት ይህን ያህል ቆርጠናል ይላል። ቀጥሎ ሌላ መጣ፤ እሱ ደግሞ ለዚያኛው መልእክት የቆረጡትን ይነግረኛል። ስልኬን ዘጋሁት። ዓይኔ እያየ ሊጨርሱኝ ነው።»

ፎቶ ኮፒዋ ወረቀት አውጥታ ስታሰላ፣ የሁሉም ክፍያ ቢሰበሰብ የአንዲት ሱቅ የወር ኪራይ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ያን ጊዜ ነው ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ከአፏ አውጥታ፣ ብልህነት የመሰለውን ሐሳብ የተናገረችው።

«ለምን አንድ ሒሳብ አይበቃንም? ሁላችን እዚያው እንጨምር፤ ክፍያው አንድ ይሆናል።»

«በማን ስም?»

ሁሉም ዞረው ወደዚያች ጠባብ ክፍተት አዩ።

«ጋሼ፣ ቁልፋችን እርስዎ ጋ አይደል?» አለችው። «ገንዘባችንንም ይያዙልን።»

እሱ ሞረዱን ማሽኑ ላይ አኖረ። «ቁልፍና ገንዘብ አንድ ነው እንዴ?» አለ።

«ለእርስዎ አንድ ነው» አለችው፤ እሱም ይህን እንደ ምስጋና ወሰደው።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነበር። የተንጠለጠለ ቁልፍ ዝገት ቢበላውም የባለቤቱ እንደሆነ ያድራል። ገንዘብ እንዲያ አይደለም፤ በስሙ የተቀመጠለትን ሰው ይመስላል። ግን ያን ዕለት ይህን ያሰበ የለም። ሁሉም የየራሱን ሒሳብ ዘጋ። ለመዝጊያም ተከፈለ።

ነገሩ ለጥቂት ወራት አማረ። ሱቅ ሲዘጋ ሁሉም የዕለቱን በፖስታ አድርጎ ያቀብለዋል፤ እሱ ጧት ወረፋ ይዞ ያስገባል፤ ቅዳሜ ተሰብስበው ይተሳሰባሉ፣ ሣቅና ቀልድ አለ። ወረፋውን ይወደው ነበር። «ደህና ሰው የሚገኘው ወረፋ ላይ ነው» ይለኝ ነበር። የዳቦ ጋጋሪውን የልጅ ልጅ መታመም፣ የቧንቧ ሠራተኛውን ክስ፣ ሁሉን የሚሰማው እዚያ ነው። ይዞ የሚመጣው ወሬ የማስገቢያውን ክፍያ ያካክሳል ባይም ነበርሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን ስልኩ ጮኸ። መነጽሩን ስላልያዘ ለጫማ ሰፊው ሰጠው። ጫማ ሰፊው ድምፁን እንደ ዜና አንባቢ አድርጎ አነበበ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ እንኳን ደስ አለዎት። ወደ ልዩ ደንበኝነት አድገዋል።»

ረድፉ በሣቅ ፈረሰ። «አንተ፣ ባለሀብት ሆንህና አትነግረንም?» አለው ጫማ ሰፊው። «እንግዲህ ጫማህን በነፃ አላድስም።»

በማግስቱ ባንክ ሲገባ ጥበቃው ወረፋ ውስጥ አላስቆመውም። በጎን በኩል ምንጣፍ ወዳለበት ክፍል አስገባው። የቆዳ ወንበር፣ የታሸገ ውኃ፣ የላስቲክ አበባ። ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ብድግ ብሎ ተቀበለው።

«አባቴ፣ ምን ይምጣልዎት?»

«የወረፋ ቁጥር» አለው።

ሥራ አስኪያጁ እንደ ቀልድ ወስዶት ሳቀ። ትልቅ ሰው ሲቀልድ መሳቅ የሥራው አንዱ ክፍል ነው። ቁልፉ በናስ የጠቆረ እጁን የት እንደሚያኖረው ግራ ገብቶት፣ በመጨረሻ ቂጡ ሥር ደብቆ ተቀመጠ። ከመስተዋቱ ማዶ ዳቦ ጋጋሪው ወረፋ ላይ ቆሞ ያየዋል። እጁን ሊያነሣለት ፈለገ፤ እጁ ላይ ግን እሱ ራሱ ተቀምጦበታል። ዳቦ ጋጋሪው ፊቱን መለሰ።

በዚያው ወር መጨረሻ ከሒሳቡ ላይ የልዩ ደንበኛ አገልግሎት ክፍያ ተቆረጠ። ምንጣፉም፣ ውኃውም፣ ብድግ ማለቱም ተቆጥሯል። ሁሉም ለየብቻ ቢከፍሉት ኖሮ ከሚሆነው በላይ ነበር።

ቅዳሜ ሲተሳሰቡ ጎደለ።

«ባንኩ ነው የወሰደው» አለ። «ልዩ ስለሆንሁ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ነች ቀስ ብላ የጠየቀችው። «ጋሼ፣ ልዩ ለሆነ ሰው ነፃ አይሆንለትም እንዴ?»

እርግጥ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዩት ይህንኑ ነው። ባለ መኪናው ማቆሚያ አይከፍልም፤ ባለሥልጣኑ ምሳውን ይጋበዛል። ልዩ ተብሎ ይባስ ብሎ የተቆረጠበት ሰው ማን አይቶ ያውቃል? ያየውን የሚያምን ሰው ምን ይባላል፤ ዩኒቨርሲቲ እኮ የምናስተምረው ይህንኑ ነበር።

«እናምንሃለን» አለው ጫማ ሰፊው፤ ሳያሾፍ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ቁልፉ ማታውን ወደ እኔ ደረጃ ወጥቶ ያንን ቃል ነገረኝ። ከገንዘቡ ይልቅ ያ ነበር አንጀቱን ያሳረረው። «ይህን ያህል ዘመን ስንኖር እናምንሃለን ብለውኝ አያውቁም» አለኝ። «ለምን ይሉኛል? ዛሬ ምን ተገኘና አሉኝ?»

ማስረጃ እንዲሰጡት ባንክ ሄደ። ወረቀቱ ታተመለት፤ ለኅትመቱ ተከፈለ። አምጥቶ ሲዘረጋላቸው፣ ከሁሉ ደምቆ የሚነበበው አናቱ ላይ ያለው «ክቡር ልዩ ደንበኛ» የሚለው ነው። ጫማ ሰፊው ጣቱን እዚያ ላይ አድርጎ «ይኸው፣ ተጽፏል» አለ። ከሥር ያለውን ደቂቅ ጽሕፈት ለማንበብ የታገለ አልነበረም።

እንደገና ወደ ሥራ አስኪያጁ ተመለሰ።

«ልጄ፣ ዝቅ አድርገኝ» አለው።

«እንዴት?»

«ወደ ድሮዬ። ወደ ወረፋው።»

«አባቴ፣ ከፍ አድርጉኝ ብሎ የሚለምነኝ በቀን ስንት ነው። ዝቅ አድርጉኝ ያለኝ ሰው እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።» ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገ። «ሲስተሙ ማሳደጊያ አለው፤ ማውረጃ የለውም። ገንዘቡ ሲያልቅ ምናልባት ራሱ…»

ስለዚህ እንዲያልቅ አደረገው። ለሁሉም ያላቸውን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም መለሰ። የጎደለውን ለመሙላት ሁለተኛ ማሽኑን፣ አጎቱ የተወለትን፣ ሸጠ። ነገሩ የባሰው ያን ጊዜ ነው። «ከኪሱ እንዲህ ቆጥሮ የሚሞላ ሰው፣ ሳይኖረው ነው?» ተባለ። ባይመልስ ሌባ፣ ቢመልስ ባለጸጋ። በትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ሁለት በር አጣብቂኝ እንለዋለን፤ ሁለቱን በር የሚከፍት ቁልፍ ቀራጭ እስካሁን አልሰማሁም።

«አንተ ሰውዬ፣ ሀብታም ሆነሃል አሉ» አለችው ሚስቱ። «እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት? ቢያንስ ለኔ ጫማ ግዛልኝና ሐሜቱ እውነት ይሁን።»

ቀጥሎ ቁልፎቹ መሄድ ጀመሩ። ማንም ክፉ አልተናገረም። ልብስ ሰፊዋ «እህቴ ልትመጣ ነው፣ ለሷ ልስጣት» ብላ ወሰደች። ፎቶ ኮፒዋ በሩን ልትቀይር ነው አለች። ፀጉር አስተካካዩ ምክንያት እንኳ አልፈለገም፤ «ያቺን ቁልፍ» ብሎ እጁን ዘረጋ። ጫማ ሰፊው የመጨረሻው ነበር፤ ወዳጅነቱ ይዞት ሳይሆን፣ ረስቶት ነው። ቁልፉ ለእያንዳንዳቸው ዞር ሳይል፣ እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ አወረደላቸው። ግድግዳው ላይ ምስማሩ ብቻ ቀረ። ሁሉም የየራሳቸውን ሒሳብ እንደገና ከፍተው፣ ክፍያውን እየከፈሉ፣ እያማረሩ፣ ደህና ኖሩ።

ቁልፉ ከዚያ ወዲያ ሁለት ክረምት ኖረ። ሳንባው ነው የተባለው፤ የናስ ብናኝ ይሆናል። ሲቀበር ባንኩ አበባ ላከ። «ለክቡር ልዩ ደንበኛችን» ይላል ጥብጣቡ፤ ሒሳቡ ባዶ ከሆነ ቆይቷል፣ ግን ሲስተሙ አላወረደውም። ጫማ ሰፊው ቆሞ ስለ ታማኝነቱ ተናገረ፤ ከልቡ አለቀሰም። አላሽሟጠጠም። ሰው ከሞተ በኋላ የሚሰጠው እምነት አደጋ ስለሌለበት በነፃ ነው።

ሊሞት ሲቃረብ የጠየቃቸውን ግን እኔ እዚያው ስለነበርሁ ሰምቼዋለሁ። መራመድ ሲያቅተው እየተደገፈ ከሱቅ ሱቅ ዞረ። «ገንዘባችሁን አልያዝም፣ አትፍሩ» ይላቸው ነበር። «ቁልፋችሁን መልሳችሁ ስቀሉልኝ።» ልብስ ሰፊዋ «እሺ ጋሼ፣ ነገ» አለች። ፎቶ ኮፒዋም እሺ አለች። ጫማ ሰፊው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አንተ ብቻ ተሻልና» አለው። ነገ ሲሆን የመጣ የለም። በሳምንቱ እንደገና ወጣ፤ ትንፋሹ እያጠረ፣ ልመናውንም እያሳነሰ።

«ሁላችሁም ባይሆን» አላቸው፣ «አንዳችሁ አንድ ቁልፍ ብቻ። የማይከፍትም ቢሆን።»