የማሽኖችን ወሬ የምትገድበው

የውሃ መስሪያ ቤቱ ሰዎች «ወሬ ጠል» ነው የሚሏት። ጨዋታ ጠልታ እንዳይመስላችሁ፤ እሷ ራሷ ከጀመረች ሻይዋ ይቀዘቅዛል። የምትጠላው የማሽኖቹን ወሬ ነው። ምድር ቤት፣ ማራገቢያ የሚጮህበት ክፍል ቁጭ ብላ የቅርንጫፎቹን ራውተሮች ትጠብቃለች። ራውተር መንገድ ጠቋሚ ነው፤ መልእክት ሲመጣ «በዚህ ሂድ» ይለዋል።

«ቆይ፣ ስራሽ ምንድነው?» አለቻት እናቷ አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች።

«አንዱ ሰፈር የተበላሸው ነገር ሌላው ሰፈር እንዳይወራ ማድረግ ነዋ፣ እማ።»

«ውይ ልጄ! ለጎረቤቶቻችንም ባደረግሽልኝ!»

ተራራው ላይ ያለው የፓምፕ ጣቢያ የኔትወርክ ገመዱ አርጅቷል። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይቋረጥና ይመለሳል። ያኔ ሁሉም ራውተር ደንግጦ የመንገዱን ካርታ እንደ አዲስ ያሰላል። ክፍያ መቀበያው ጋ ያለው አሮጌው ግን አቅም የለውም፣ ድርቅ ይላል። ሰልፈኛው ይሳደባል። አለቃው ቁርጡን ነገራት፦ «አንዴ ይድገምና ስራውን ለውጭ ድርጅት ነው የምሰጠው። አንቺ ቆጣሪ ታነቢያለሽ።»

ስለዚህ ኔትወርኩን በሰፈር በሰፈር ከፈለችው። ዝርዝሩ እዛው ሰፈሩ ይቀራል፤ ሰፈሮቹ ሁሉ ወደሚገናኙበት መሃል የሚያልፈው «እነዚህ ሁሉ በኔ በኩል ናቸው» የሚል አጭር ቃል ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ መስሪያ ቤቱ ዝግ ሲሆን፣ አስጀመረችው።

ወዲያው የቁጥጥር ክፍሉ ተረኛ ደወለ። «አንቺ ሴትዮ፣ የተራራው ጣቢያ ጠፋብኝ እኮ!»

ከወንበሯ ተነሳች። «ፓምፑን ሳታቆመው ታንከሩ ሞልቶ ሊፈስ ነው?»

«ገና ነው፣ ግን ቶሎ በይ!»

የኔትወርኩን ስዕል አፍጥጣ አየችው። ለተራራው ለብቻው ሰፈር ሰጥታዋለች፤ ገመዱ ግን በገበያው ሰፈር በኩል እንጂ መሃል ድረስ አይመጣም። መሃሉን ያልነካ ሰፈር ደግሞ ማንም ራውተር አያውቀውም፣ የኔትወርኩ ህግ ነው። «አይ የኔ ነገር! ሙሽራዋን ጎረቤት አስቀምጬ ሰርግ ጠራሁ!» አለችና በገበያው ራውተር በኩል ገብታ ጣቢያውን እዛው ሰፈር ውስጥ ደባለቀችው።

«መጣ! መጣልኝ!» አለ ተረኛው።

ማክሰኞ ነፋሱ ተነሳ። ገመዱ ተቋረጠ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ተቋረጠ። የገበያው ሰፈር ራውተሮች ተንጫጩ፤ ሌሎቹ ጭጭ። አላመነችም። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ክፍያ መቀበያው ጋ ደረሰች። ገንዘብ ተቀባይዋ ደረሰኝ እየቆረጠች ቀና አለች።

«ምን ያስሮጥሻል እህቴ? እንደ ሰው ተሰለፊ!»

አለቃውም ከኋላ መጣ። «ነፋሱ እንዲህ እየነፈሰ ስልኬ ለምን አልጮኸም? ተበላሽቷል እንዴ?»

«አልተበላሸም ጋሼ። ወሬው ገበያ ሰፈር ቀርቶ ነው።»

ሰልፉን አየ፤ እየሄደ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሁን። ወንዝ ማዶ ቅርንጫፍ ልንከፍት ነው፣ የነሱንም ሰፈር አንቺው ትሰሪላቸዋለሽ። የውጪዎቹን ትቻቸዋለሁ።»

«እሺ ጋሼ!» አለች፣ ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆኖ።

«ጋሼ» አለች ገንዘብ ተቀባይዋ፣ «መስኮቱን ከለሉብኝ እኮ፤ እስቲ ፈቀቅ ይበሉልኝ።»