የሁለት ቤት ውሻ

ጎረቤቴን ዛሬም «እትዬ» እላቸዋለሁ። ጠዋት አጥሩ ላይ ከተገናኘን «እንደምን አደሩ» ማለቴ አልቀረም፤ እሳቸውም «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ሰላምታ መከልከል አልሆነልኝም፤ እናቴ እንደዚያ አድርጋ አላሳደገችኝም። ከሰላምታው ቀጥሎ የነበረው ግን ሁሉም ቀርቷል፤ ያስቀሩትም እሳቸው ናቸው። ይህን የምጽፈው ለመታረቅ አይደለም። የምጽፈው ስለ አንድ ውሻ ነው። ሰው ለውሻ ብሎ ይህን ያህል ይቆጣል ወይ የሚል ካለ፣ አዎ፣ እኔ እቆጣለሁ።

ውሻው የመጣው ለውጥ መጣ በተባለበት ዓመት ነው። በሐይቅ ከተማ ሰው በየሻይ ቤቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያወራበት፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ እጁን የሚያወጣው የበዛበት ጊዜ ነበር። ባለቤቴ በአርዲቦ በኩል ካለ ገበሬ ቤት ቡችላውን በጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ አመጣው። ቡናማ ነው፤ አንዱ ጆሮው የቆመ፣ አንዱ የወደቀ፣ ሲራመድ ሆዱ ከእግሩ የሚቀድም። እትዬ በአጥሩ ቀዳዳ አይተውት «ይሄ ደግሞ ሌባ ሲመጣ ከሌባው ቀድሞ የሚሸሽ ነው» ብለው ሳቁ። ዛሬ ነገ ስንል ስም ሳይወጣለት ቀረ። እኔ «ማሙሽ» እለዋለሁ፣ እሳቸው «አንተ ሰውዬ» ይሉታል። ለሁለቱም ይመጣል።

እትዬ ሙስሊም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን ነን። ይህ በእኛ አገር ማንንም አይገርምም፤ ለውሻው ግን ትልቅ ነገር ነበር። እኛ የየራሳችንን አርደን የየራሳችንን እንበላለን፤ በሰፈሩ የሁለታችንንም ሥጋ የሚበላ እሱ ብቻ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ የእኛ ቤት ሽሮና ምስር ብቻ ይሆናል፤ ያኔ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ እትዬ ጋ ይከርማል። ረመዳን ሲሆን የእሳቸው ምድጃ ቀኑን ሙሉ ቀዝቅዞ ይውላል፤ ያኔ ወደኛ ይመለሳል። ሁለቱ ጾሞች የተገናኙ ጊዜ ግን ጉድ ፈላበት። ከዚህ ወዲያ ሲመላለስ ይቆይና መሃል ላይ አጥሩ ሥር ተጋድሞ በረጅሙ ይተነፍሳል። እትዬ «ያልጾመውም እሱ፣ የከሳውም እሱ» እያሉ ይስቁበት ነበር።

ማስተማሩንም የጀመርነው አብረን ነው። በከተማው አልፎ አልፎ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለማጥፋት መርዝ ያለበት ሥጋ በየመንገዱ ይጣላል፤ ባለቤት ያለውም አብሮ ያልቃል። ከማሙሽ በፊት የነበረው ውሻዬ የሞተው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ይሄኛውን ከመሬት እንዳይበላ እናስተምረው ተባባልን። ዘዴው የእትዬ ነበር። የሥጋ ቁራጭ ውስጥ ሚጥሚጣ ጠቅጥቀው መንገድ ላይ ይጥሉለታል። የመጀመሪያ ቀን ጎረሰ፣ አስነጠሰው፣ አፍንጫውን መሬት ላይ እየፈተገ አላዘነ፤ እኔ ወተት ይዤ ሮጥኩ። «ተይው፣ ይማርበት» አሉኝ። ውሎ አድሮ መሬት የወደቀ ሥጋ ሲያይ ፊቱን ማዞር ጀመረ።

ቀጥሎ መጠበቅን አስተማርነው። እኔ ዳቦ በእጄ ጨብጬ እቀመጣለሁ። ይልሰኛል፣ ይቧጭረኛል፣ ይጮህብኛል፤ ዝም እለዋለሁ። ሰልችቶት ቁጭ ሲል እጄን ከፍቼ «ብላ» እለዋለሁ። ውሻ የሚማረው ከቁጣ አይደለም፤ አንድ ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሲሆንለት ነው። ዛሬ የፈቀዱለትን ነገ ከከለከሉት ግራ ይገባዋል፣ ከዚያ በኋላ ማንንም አያምንም። እትዬ ምራቁ እንዳይነካቸው ስለሚጠነቀቁ በእጃቸው አይሰጡትም፤ የተሰበረ የሸክላ ገል ላይ አድርገው ያቀርቡለትና «ቢስሚላህ» ይላሉ። ቃሉን እስኪሰማ ለሃጩን እያዝረበረበ ይቀመጣል። ውዱእ የሚያደርጉበትን ማንቆርቆሪያ ሲያነሱ ካየ ደግሞ ማንም ሳይነግረው ተነስቶ ራቅ ይላል፤ ሰግደው እስኪጨርሱ ወደ ደጃቸው አይጠጋም። «ከስንቱ ሰው ይሻላል» ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ከእኔና ከእሳቸው በቀር ከማንም የማይበላ ውሻ ሆነ። ባለቤቴ ሲሰጠው እንኳ መጀመሪያ እኔን ያያል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ በሬዲዮ ነበር የምንሰማው፤ ቀጥሎ ከሰሜን ከሚመጡ ተፈናቃዮች፤ በመጨረሻ በውጫሌ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ። ማሙሽ እኛ ሳንሰማ በፊት ይሰማው ነበር። የቆመ ጆሮው ወደዚያ ይዞራል፣ ጅራቱን ሆዱ ሥር ያስገባል፣ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ሲያደርገው ሳይ ልጆቹን ወደ ቤት እጠራለሁ።

የወጣን ዕለት የጫነን የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌር «ሰው ጥዬ እየሄድኩ ውሻ ልጫን?» ብሎ ጮኸብኝ። እትዬ መሄድ እምቢ ብለው ነበር። «በዚህ ጉልበት የት ልድረስ? አላህ ያመጣውን እዚሁ» አሉ። የማሙሽን ገመድ ከእጄ ተቀበሉኝ። «አብሽሪ፤ እኔ ካለሁ እሱም አለ» አሉኝ። ይህን ቃል ይዤ ነው ደሴ የገባሁት፤ ደሴም አልበቃ ሲል ወደ ታች የሸሸሁት።

ስንመለስ የቤታችን በር ተገንጥሏል። ፍራሽ የለ፣ ድስት የለ፤ የልጆቹ ልብስ እንኳ አልቀረም። ማሙሽ ግን ነበረ። የጎድን አጥንቱ ወጥቷል፤ ቢሆንም ከእትዬ ደጅ ገመዱን እየጎተተ ሲዘል ሳየው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እትዬም አለቀሱ። አንገታቸውን አቅፌ ሳምኳቸው።

«ከደጄ አልጠፋም። ወላሂ፣ አንድ ቀን አልፈታሁትም» አሉኝ። «ከተማውን የያዙት ታጣቂዎች ዱቄት እያመጡ ጋግሪ ይሉኛል። መሣሪያ ይዞ ለቆመ ሰው እምቢ ይባላል? እየጋገርኩ ከቁራሹ እኔም ቀመስኩ፣ እሱንም አቀመስኩት።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው።

በከተማው ግን ሌላ ነገር ተጀምሮ ነበር። በመንገዱ ዳርና በየማሳው ሳይቀበሩ የቀሩ ሰዎች ነበሩ፤ ውሾችም እዚያ ታይተዋል። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ልጇ የት እንደወደቀ የማታውቅ እናት ባለችበት ሰፈር ውሻ አስከትሎ መሄድ ነውር ሆነ። ሰው ማሙሽን ሲያይ ይተፋል፣ ድንጋይ ያነሳል። በዚህ አልፈርድም። እኔ ራሴ የማላውቀው ውሻ ሲያጋጥመኝ መንገድ እቀይር ነበር።

ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ቢሮው ስለተዘረፈ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ሰብሳቢው፣ ከባለቤቱ ጋር ሳይሸሽ ከተማ ውስጥ የቀረ ውሻ ሁሉ ይወገዳል አለ። እጄን አወጣሁ። የእኔ ውሻ ታስሮ ነው የከረመው፣ መሬት የወደቀ ነገር እንደማይነካም ሰፈሩ ያውቃል፣ ያበሉት ሰውም እዚሁ አሉ፣ ይጠየቁ አልኩ። ሰብሳቢው ገር ሰው ነው። «የሚመሰክር ካለማ ይተዋል» አለ። የማሙሽ ነፍስ በአንድ ቃል ላይ ቆመች፤ ቃሉ ደግሞ እትዬ አፍ ውስጥ ነበር። እኔ ምንም አልሰጋሁም። እንዲያውም ፈገግ ብዬ ነበር።

እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ከኋላ አንድ ሰው ተነሳ። የሰፈራችን ሰው ነው፣ እትዬን አንቱ እያለ ያደገ። «እኛ የምንቀምሰው አጥተን ውሃ አፍልተን ስንጠጣ፣ አንቺ ውሻ ያበላሽበት ዱቄት ከየት መጣ?» አለ። «አንቺ» ሲላቸው ግቢው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ያን ሰሞን ማን ጋገረላቸው፣ ማን ቤት አሳያቸው እየተባለ ከከተማው ያልወጣ ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። እንዲህ ተብለው የተወሰዱም ነበሩ።

እትዬ ሻርፓቸውን ወደ ፊት ሳቡ።

«አላበላሁትም» አሉ። «ያኔውኑ ፈትቼ ለቀቅኩት። የት እንደዋለ፣ የት እንዳደረ አላውቅም።»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «እትዬ፣ ወላሂ ብለው አልነገሩኝም? ከደጄ አልጠፋም አላሉኝም?» አልኩ። ወደኔ አልዞሩም። «አላልኩም» አሉ፣ ለሰብሳቢው። ሰብሳቢው እኔን ተቀመጪ አለኝ።

ለምን እንደፈሩ ይገባኛል። ያኔውኑ ገብቶኛል፣ ሞኝ አይደለሁም። የዱቄቱን ነገር ካመኑ ቀጥሎ የሚመጣውን እሳቸውም እኔም እናውቅ ነበር። ግን የፈራ ሰው ዝም ማለት ይችላል፤ አሞኛል ብሎ ተነስቶ መሄድም ይችላል። «ለቀቅኩት» ማለት በውሻው ላይ መፍረድ ነው። በሰው ሁሉ ፊት ሬሳ የበላ አደረጉት። እኔን ደግሞ ውሸታም አደረጉኝ። ያቃጠለኝ ይህ ነው፣ አሁንም ያቃጥለኛል።

በማግስቱ ሁለት ሚሊሻዎች የተመረዘ ሥጋ ይዘው መጡ። ሰው ገና ተኩስ ሲሰማ ስለሚደነግጥ በጥይት መግደል ተከልክሎ ነበር። ያ ስብሰባው ላይ ከኋላ የተነሳው ሰውዬም አብሯቸው አለ። ባለቤቴ ጠግኖ የሰቀለውን በር ከውስጥ ቀርቅሮ ቆመበት። «ነገ ደግሞ እኛን ይሉናል፤ ተይ፣ በልጆችሽ» አለኝ። የእሱንም አልረሳሁለትም።

በመስኮቱ አየሁ። ሥጋውን ሲጥሉለት ማሙሽ ፊቱን አዞረ። ጠጋ አድርገው ጣሉለት፤ ተነስቶ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። አንዱ ሚሊሻ «ይሄ ደግሞ ጾም ላይ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «አያችሁ!» ብዬ ጮህኩ። «ቁርጥ ሥጋ የማይነካ ውሻ እናንተ የምትሉትን ይበላል? በዓይናችሁ አያችሁት አይደል?» ሚሊሻው መሳቁን ትቶ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጓደኛውን አየው። ተስፋ ማድረግ ጀምሬ ነበር። ያ ሰውዬ ግን ወደ እትዬ አጥር ዞሮ «የሚያውቀው ሰው ይስጠው» አለ።

እትዬ ወጡ። ገሉን ይዘዋል፤ ሰውየው ሥጋውን አኖረበት። ማሙሽ ሲያያቸው ጅራቱ መሬቱን መጥረግ ጀመረ። አስቀመጡለት። አልነካውም፤ ቁጭ ብሎ አፋቸውን አፋቸውን ያያል። እትዬ ቆሙ፣ ቆዩ። ገሉን አንስተው የሚመለሱ መስሎኝ ነበር። ቢስሚላህ አላሉም፤ መርዝ ላይ የአላህን ስም መጥራት ሳይከብዳቸው አልቀረም።

«ብላ» አሉት። የእኔን ቃል።

በላ። ስለ አሟሟቱ አልጽፍም፤ አጭር አልነበረም፣ ይኸው ይበቃል። በሩ ሲከፈትልኝ ሄጄ ራሱን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ዓይኑ እኔ ላይ አልነበረም። እስከ መጨረሻው የእትዬን በር ያይ ነበር፤ ወጥተው የሚረዱት መስሎት ነው እላለሁ። አልወጡም።

ሰውየው ከዚያ ወዲያ አልደረሰባቸውም። «አንቱ» ማለቱንም ቀጠለ።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከገበያ ስንመለስ መንገድ ላይ ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ ምን በደልኩዎት?» አልኩ።

ቆሙና ፌስታላቸውን መሬት አስቀመጡ። «አልበደልሽኝም» አሉ። «አንቺ ባልሽ አጠገብሽ ነው። እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ከነዚሁ ሰዎች ጋር ነው የምኖረው። ለውሻው እጅሽን አወጣሽ። እኔን አንቺ ሲለኝ ግን ማን አፉን ከፈተ?»

እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መቼ ጊዜ ሰጡኝ? ከመነሳቴ በፊት ክደውኝ አልነበረም ወይ? ይህን ነገርኳቸው፤ ፌስታላቸውን አንስተው ሄዱ። ቤቴ እስክገባ ብቻዬን ስከራከር ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ የግሸን ተጓዦችን የጫኑ አውቶቡሶች በከተማችን ማለፍ ሲጀምሩ፣ አንድ ጠዋት እትዬ በራችንን አንኳኩ። ዘንቢል ይዘዋል። ውስጡ ጥቁር ቡችላ በአሮጌ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። ውሻ ቀሚሳቸውን ከነካው ልብስ ቀይረው የሚሰግዱ ሴት፣ ከዘመዶቻቸው ቤት ድረስ ተሸክመው አምጥተውታል። ፊታቸው ላብ ነበር። ቡችላው አፍንጫውን አውጥቶ ጣቴን ላሰኝ፤ ሳላስበው ሁለቱንም እጆቼን ዘረጋሁለት።

«ልጆቹ ይጫወቱበት» አሉ እትዬ። ደስ አላቸው፣ እጆቼን ሲያዩ። «አብረን እናስተምረዋለን፣ እንደዚያኛው።»

እጆቼን መለስኩ።

«እትዬ» አልኳቸው፤ «ከማን እጅ እንዲበላ ነው የማስተምረው?»