አራስ የሆነው ጥርሴ

የልጅ ልጄ ጓዳ ውስጥ ቅርንፉድ ስትወቅጥ ሽታው መደቤ ድረስ መጣና ምላሴ ሳላዘው ተነሣ። ከታች በስተግራ ብቻውን ወደቀረው መንጋጋዬ ሄዶ፣ አናቱ ላይ የተደፈነችውን ብር ዳበሰና ተመለሰ። እርጅና ያደክማል፤ መብላቱም መነጋገሩም ያደክማል፤ ትዝታ ግን ሳይጠሩት የሚመጣ እንግዳ ነውና ደክሞኛል ቢሉት አይመለስም።

ንጉሡ ገና ወደ እንጦጦ ሳይርቁ፣ አንኮበር በሰውና በበቅሎ ተጨናንቃ በነበረበት ዘመን፣ ቤታችን ከደብሩ በታች ቁልቁለቱ ላይ ነበረች። ጠዋት በሩ ሲከፈት ከቆላ የሚወጣው ጉም ከኛ ቀድሞ ምድጃ ዳር ይቀመጣል። አባቴ ኮርቻ ሠሪ ስለነበር ቤቱ ክረምት ከበጋ እርጥብ ቆዳና ጠፍር ይሸታል። እናቴ የወለደችው ታላቅ ወንድሜንና እኔን ነው፤ ወንድሜን ያጣነው በጥርስ ነው። መንጋጋውን ታመመና የሰፈሩ ብረት ቀጥቃጭ በጉጠት ነቀለለት፤ ጉንጩ አበጠ፣ እብጠቱ ወደ አንገቱ ወረደ፣ ሳምንት ሳይሞላው ቀበርነው። በዓመቱ እኔ ጉንጬን ይዤ ሳለቅስ እናቴ ቆማ ከምትፈትልበት እንዝርት ጋር መሬት ላይ ቁጭ አለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ቀን ወዲያ ቀጥቃጩ ገና ከሩቅ ሲመጣ ካየች በሩን ትዘጋ ነበር።

ቀጥቃጩ አይነካትም ተብሎ፣ አባቴ ኮርቻ የሠራለት አንድ ፈረንጅ ሐኪም ዘንድ በበቅሎ ወሰደኝ፤ እናቴም ነጠላዋን አጣፍታ በእግሯ ተከተለችን። ሐኪሙ ፀሐይ ላይ አስቀምጦኝ ጥርሴን በቀጭን ሜንጦ ፍቆ ፍቆ ጠረገው፤ የቅርንፉድ ዘይት በጥጥ አድርጎ አስነከሰኝና ሕመሙ ሲደነዝዝ እኔም አብሬው ደነዘዝኩ። ከዚያ አንድ ጥሬ ብር በሞረድ ሞርዶ ዱቄቱን ባዜቃ በሚሉት ፈሳሽ ብረት ለወሰው፤ እንደ ጭቃ ሲሆንለትም ቀዳዳውን ደፈነው። አስተርጓሚው «እስከ ነገ በዚህ በኩል አታላምጥ፣ ትኩስም አትጠጣ። ከነገ ወዲያ እንደ ልቧ ትብላ፤ ብቻ ጠዋትና ማታ ጥርሷን በመፋቂያ ታጽዳ» አለን።

እናቴ ቤት ስንደርስ ፈነዳች። «እስከ ነገ ይላል እንዴ! ሴት ልጅ እንኳ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። ዛሬ የተወለደ ነገር በአንድ ሌሊት ይጠናል?»

እንዲህ ሆኖ ጥርሴ አራስ ቤት ገባ። መኝታዬ በመጋረጃ ተከለለ፤ ራስጌዬ ሥር ቢላዋ ተቀመጠ፤ ብሩን የሰው ዓይን እንዳይበላው ሰው ፊት መሳቅ ተከለከልኩ፤ ውጭ ስወጣ ብርድ እንዳይመታው ጉንጬ በነጠላ ይጠቀለላል። ምግቤ ለብ ያለ ገንፎ፣ አጥሚትና ተልባ ሆነ። መፋቂያውን ግን አልረሳችም፤ የወይራ ቅርንጫፍ ጫፉን ራሷ አኝካ ታለሰልስና፣ አፌን በር ላይ ወደ ብርሃን አዙራ፣ ጥርሴን አንድ በአንድ ትፍቅልኝ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ፣ ቀልድ ካልተናገረች ራሷን የሚያማት ሴት፣ ተልባ በቅል ይዛ መጥታ «አራሷ እንዴት አደረች? ደግሞስ ስሙን ማን አላችሁት?» ስትል አባቴ ከጠፍሩ ቀና ብሎ «ጥርሴነሽ በዪው» ይላታል። እኔ አፌን በነጠላ ሸፍኜ እስቃለሁ። እናቴ ብቻ አትስቅም።

ሰማንያው ሲሞላ ደብሩ ወሰደችኝ። የነፍስ አባታችን ነገሩን ሰምተው «አንቺ ሴት፣ ጥርስ ክርስትና አይነሣም!» ብለው ጢማቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ፊቷን ሲያዩት ግን ሳቁን ተዉና ጉንጬ ላይ ጠበል ረጩልኝ። ቤት ስንመለስ የሽንብራ ቆሎ ቆላች። እትዬ ጥሩነሽ እልል ልትል አፏን አሰናድታ፣ አባቴ ወስፌውን ይዞ፣ ሁሉም ሲያዩኝ አንዷን ፍሬ በዚያ ጥርስ ነከስኳት። ቀው አለች። እናቴ ጮኸች፤ ጥርሱ የተሰበረ መስሏት ነበር። የተሰበረችው ሽንብራዋ መሆኗን ጣቷን አስገብታ ካረጋገጠች በኋላ ምድጃው ዳር ተቀምጣ እንደ ልቅሶ ቤት አለቀሰች። «አንዱን ለጉጠት ሰጠሁት፤ ይቺን አልሰጥም፤ ይቺን አልሰጥም» ትል ነበር። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው። እልልታው ቀረ፤ አባቴም ወስፌውን አስቀምጦ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኬን የሰማሁት ትእዛዝ «በዚያኛው በኩል አላምጪ» የሚል ሆነ። ደብረ ብርሃን ተድሬ፣ ወልጄ፣ ልጆቼን ይዤ እናቴን ስጠይቃት፣ ገና ጉልበቷን ስሜ ሳልቀመጥ ወደ በሩ ብርሃን ትጎትተኝና «አፍሽን ክፈቺ» ትላለች። ልጆቼ ፊት አፍራለሁ፣ እቆጣለሁም፤ ቢሆንም እከፍታለሁ። ዓይኗ ከጠፋ በኋላ እንኳ በጣቷ ፈልጋ እያገኘችው «አለ፤ ተመስገን» ትል ነበር።

ትእዛዙን ጠበቅሁ። የቀኝ ጥርሶቼ የሁለቱንም ወገን ሥራ ሲሠሩ ኖረው አልቀው ረገፉ፤ የግራዎቹም ተከተሉ። እናቴ የጠበቀችው ብቻ ቀረ፤ ከላይ የሚገጥመው ጓደኛ የለውምና አንድ ፍሬ ሽንብራ አይሰብርም።

የልጅ ልጄ ወቅጣ ጨርሳ በወተት የራሰ ዳቦ አመጣችልኝ። ደግ ልጅ ናት፤ «በላሽ ወይ እማማ?» ትለኛለች፣ ሳሕኑንም ታያለች። አፍሽን ክፈቺ የምትለኝ ግን የለችም። ጥርሱ አለ፤ አለ ብላ የምታመሰግንለት ናት የሌለችው።