የቦጋለች ሁለት መርዶ

ቦጋለች ቶሮንቶ ከተማ ሪጀንት ፓርክ በሚባል ሰፈር ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጇ ከእሌኒ ጋር ትኖር ነበር። ቀን ቀን በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ታጥፋለች። ባሏ ጥሩነህ አስተማሪ ነበር፤ እሌኒ አሥር ዓመት ሲሞላት ከቤት ወስደው አሰሩት። እናትና ልጅ በሱዳን በኩል ወጥተው ቶሮንቶ ሲገቡ እሱ እዚያው ወህኒ ቤት ቀረ።

በየሦስት ወሩ ከእህቱ ደብዳቤ ይመጣል። ቦጋለች ሰላምታውንና የኑሮውን ወሬ ዘልላ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትፈልጋለች፤ «ስንቁን እየተቀበሉን ነው» የምትለዋን። የወህኒ ቤቱ ጠባቂዎች ስንቁን ከተቀበሉ ሰውየው አለ ማለት ነው። «ከእንግዲህ አታምጡ» ካሉ ደግሞ ሌላ ማብራሪያ አይጠየቅም።

በፈረንጆቹ 1985 ደብዳቤው ቀረ። አራት ወር ሆነ፣ አምስት ወር ሆነ።

እሌኒን በዚያው ሰሞን ሙዚቃ ያዛት። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሙዚቃ ቤቶች ወደሞሉበት ኩዊን ስትሪት ትወርዳለች፤ ይዛ የምትመጣው ካሴት ጊታሩ የሚያጓራ፣ ዘፋኙም የሚጣላ ነበር።

«ይኼን ሰውዬ ምን በድለውት ነው?» አለች ቦጋለች አንድ ቀን።

«ተናዷል በቃ፣ እማዬ። ፓንክ ነው።»

«የተናደደ ሰው ውሃ ይሰጡታል እንጂ ማይክሮፎን ይሰጡታል?»

እሌኒ እየሳቀች ድምፁን ጨመረችው። ጆሮዋ ላይ መርፌ ቁልፍ ሰካች፤ ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ለበሰች። ቦጋለች ልጅነት ነው ብላ አለፈችው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሌኒ ጸጉሯን ሙልጭ አድርጋ ተላጭታ፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ ገባች። ቦጋለች ምስር ትለቅም ነበር። ሰፌዱ ከጭኗ ላይ ወደቀ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ራሴ ነኝ ያደረግሁት።»

ቦጋለች ይህን አልሰማችም። በአገሯ ራሷን ተላጭታ ጥቁር የምትለብስ ልጅ አባቷን የቀበረች ናት። መርዶን ደግሞ ከሚስት ይደብቁታል። ለልጅቱ ነግረዋት፣ ልጅቱ መደበቅ አቃታት ማለት ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ደረቷን መታች። እሌኒም የእናቷን ጩኸት ስትሰማ የመርዶው ደብዳቤ መጣ ብላ አብራት ጮኸች።

ጎረቤቷ ውቢት በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች። የልጅቱን ራስ አየች፤ ሌላ ምን ትጠይቅ? ስልክ አነሳች። ሳይመሽ ከሌሎቹ የከተማው ሰፈሮች፣ ከኢስት ዮርክም ከጄን ኤንድ ፊንችም ያገር ሰው ተጠራርቶ ቤቱን ሞላው። የገባው ሁሉ እሌኒን አንገቷን አቅፎ ያለቅሳል፤ እሷም ሰባት ዓመት ሙሉ ያላለቀሰችውን ያን ቀን አለቀሰች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ሴቶቹ መሃል ተቀምጣ፣ «እማዬ፣ ደብዳቤው መቼ መጣ?» አለቻት።

«የምን ደብዳቤ? የሰማሽው አንቺ አይደለሽም?»

ሴቶቹ ወደ እሌኒ ዞሩ።

«ታዲያ ጸጉርሽስ?» አለች ውቢት።

«እትዬ ውቢት፣ ይኼ… ስታይል ነው። ኩዊን ስትሪት ያሉት ሁሉ እንዲህ ናቸው።»

«ኩዊን ስትሪት ያለው ሁሉ አባቱ ሞቶበታል?»

ጥግ የተቀመጠ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠውና በሳል ሸፈነው። ከዚያ አንድ በአንድ ካፖርታቸውን እያነሡ ወጡ።

ቦጋለችን ያስፈራት ሳቁ አልነበረም። በሕይወት ባለ ሰው ላይ ማልቀስ ሟርት ነው። «በአባትሽ ላይ በቁሙ አስለቀስሽኝ» አለች። «እንግዲህ አንድ ነገር ቢሆን ከአንቺ ነው የማየው።» እሌኒ ልብሷን በቦርሳ ከትታ አብራት የምትማር ጓደኛዋ ቤት ሄደች። ሦስት ሳምንት አልተደዋወሉም።

በሦስተኛው እሁድ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ውቢት፣ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ ቆመዋል። ቦጋለች ከሰዓቱ አወቀችው። ደብዳቤው የመጣው በውቢት ስም ነበር፤ ጥሩነህ ከሞተ ስድስት ወር አልፎታል። እህቱ መጻፍ ያቆመችው ያችን ዓረፍተ ነገር መዋሸት አቅቷት ነው።

ቦጋለች ወራቱን ደጋግማ ቆጠረች። በዚያ ቅዳሜ ጥሩነህ በሕይወት አልነበረም። ልጅቱ ማንንም አልገደለችም።

«እሌኒንስ ሰው እንላክባት» አሉ ቄሱ።

«የለም አባ፣ እርስዎ አይድከሙ። እኔው ነኝ የማመጣት። ነገ ማለዳ፣ በወጉ ትሰማለች።» ልጅቷ መንገድ ላይ እንዳታውቅባት ጥቁሩን ቀሚስ ሳትለብስ፣ ቢጫ ሻሽ አስራ ወጣች።

ጓደኛይቱ ቤት ስትደርስ ኮንሰርት ሄደዋል አሏት። ኩዊን ስትሪት ላይ፣ ልጆች በቀን በሚገቡበት አዳራሽ ነበር። ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ጥቁር የለበሱ፣ ራሳቸውን የተላጩ ወጣቶች እየዘለሉ በደረት ይጋጫሉ፤ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ ክንዱን ይዘው ያነሡታል። መድረኩ ላይ ያለው ልጅ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። ቦጋለች በሩ አጠገብ ቆመች። ከዚያ ሁሉ ሰው ጥቁር ያልለበሰች እሷ ብቻ ነበረች። እዚህ ብታለቅስ ማንም ማን ሞተ ብሎ አይጠይቃትም ነበር፤ ግን የልጇ ዐይን አገኛትና እንባዋን ዋጠችው።

እሌኒ በላብ ርሳ መጣች። «እማዬ፣ እንዴት አገኘሽኝ?»

«ጩኸቱን ተከትዬ።»

በትራሙ ላይ እሌኒ ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። የጓደኞቿ የሙዚቃ ባንድ ከበሮ መቺ አጥቷል፣ እሷን ሊሞክሯት ነው፤ ይህን ሁሉ ሳትተነፍስ አወራች። ከዚያ ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

«ታርቀናል?»

«ታርቀናል።»

«ደብዳቤስ?»

ቦጋለች በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። «ገና ነው» አለች።

በማግስቱ፣ ሰማዩ ነጣ ሲል፣ ቦጋለች ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ የልጇ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። እሌኒ አፏን ከፈት አድርጋ እንደ ሕፃን ተኝታለች። ኮሪደሩ ላይ የሰዎች እግር ተሰማ፤ ውቢት በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች።

«ደርሰናል» አለች በሹክሹክታ።

ቦጋለች እጇን አንሥታ አስቆመቻት። «ትንሽ» አለች። «ትንሽ ትተኛ።»