ሰላዩ መቼ ነው የሞተው?

ፊልሙን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁለት ጊዜም አልገባኝም። ይህን የምለው ትሕትና ይዞኝ አይደለም። እንዲያውም እኔ የማላውቀውን አውቃለሁ ማለት የሚቀናኝ ሰው ነኝ። መዘዙም የመጣው ከዚያ ነው። አንዲት እናት ለልጃቸው ያልቅሱ ወይስ አያልቅሱ የሚለው ነገር በዚያ ባልገባኝ ፊልም ላይ እስኪንጠለጠል ድረስ አወራሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ሰሜን ላይ ጦርነቱ የጋመበት። ጅማ ውስጥ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤታችን በፈረቃ ስለሆነ ጠዋት ተምሬ ከሰዓት መጋዘን ገብቼ ቡና እለቅማለሁ። ለቀማ ስል ከዛፍ ላይ አይደለም፤ ከሊሙና ከአጋሮ በጆንያ የመጣውን ቡና እኛ ሴቶቹ መሬት ላይ ተደርድረን ጥቁሩን፣ የተበሳውን፣ የተሰበረውን ከደህናው እንለያለን። እጅ ይሠራል፣ አፍ ግን ሥራ የለውም። ስለዚህ እዚያ ቤት ወሬ ያለው ሰው ይከበራል።

እኔ ደግሞ ወሬ አላጣም። የቀበሌያችን ወጣቶች ማኅበር እሑድ ከሰዓት ነፃ የሲኒማ ትኬት ይሰጠን ስለነበር፣ ያየሁትን ፊልም ሰኞ ለሴቶቹ መተረክ የኔ ሥራ ሆኖ ቀረ። ማንም አልሾመኝም። አፌ ስለማያርፍ ነው።

ያኛው የጦርነት ጊዜ የስለላ ፊልም ነበር። ቋንቋው የየትኛው አገር እንደሆነ እንጃ። ከሥር እንግሊዝኛ ጽሑፍ ይሮጣል፤ አንዱን መስመር አንብቤ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። ገና መብራት ከመጥፋቱ አንድ ወጣት ግራጫ ኮት እንደለበሰ ግድግዳ ጋ ያቆሙታል። አምስት ወታደሮች ጠመንጃ ደገኑበት። ተኮሱ፣ ልጁ ድፍት አለ። እኔ "ውይ በሞትኩት!" ብዬ ፊቴን ሸፈንኩ። ፊቴን ስገልጥ ያው ልጅ፣ ያንኑ ኮት ለብሶ፣ እናቱ ቤት ቁጭ ብሎ ሾርባውን ይጠጣል።

ምን ጉድ ነው? መንትያ ይሆን ብዬ መንትያውን ስጠብቅ መንትያ የሚባል የለም። ልጁ ጠላት በያዘው ከተማ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጥሯል፤ ቀን የጠላትን ደብዳቤ ይጽፋል፣ በጎን እየገለበጠ ለወገኖቹ ያቀብላል። መጨረሻ ላይ ነቁበት። ሮጦ ሮጦ መንቀሳቀስ የጀመረ ባቡር ላይ ዘለለ፤ ከሩቅ ቆማ ለምታየው እናቱ እጁን እያውለበለበ፣ እየሳቀ ሄደ። በቃ፣ አለቀ፣ መብራቱ በራ። እኔ ግን እስከ ቤቴ ድረስ ያ የመጀመሪያው ጥይት ምን ሆነ እያልኩ ነው የሄድኩት።

ሰኞ ዕለት እንዳየሁት ተረክሁት። ባቡሩ ጋ ሳልደርስ ሁከት ተነሳ።

"ቆይ ቆይ፣" አለችኝ ከጎኔ የምትለቅመው የዳውሮ ሴት፤ ጴንጤ ናት፣ ተቆጣጣሪያችን ካቦው እንዳይሰማት መዝሙሯን በአፍንጫዋ ነው የምታዜመው። "ሞቷል አላልሽም እንዴ? ታዲያ ሾርባውን የሚጠጣው ማን ነው?"

"እሱ ነዋ።"

"እንግዲያው ከሞት ተነሳ በይና! ሃሌ ሉያ!"

"አስተግፊሩላህ! ሰው ተነስቶ ሾርባ ይጠጣል?" አሉ አዮ፣ እየሳቁ።

አዮ ማለት በኛ አገር ኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው፤ መጋዘኑ በሙሉ የሚጠራቸው እንደዚያ ነው። የጅማ ተወላጅ ናቸው፣ መንደራ ሰፈር ነው ቤታቸው፣ ሠላሳ ዓመት ቡና ለቅመዋል። እያወሩም፣ ፊታቸውን ወደኛ አዙረውም ጣታቸው ሄዶ የሚያርፈው ጥቁሩ ፍሬ ላይ ነው። እሳቸው ጨረስኩ ካሉት ክምር ካቦው አንዲት የተበሳች ፍሬ አውጥቶ አያውቅም፤ ሲፈልግ ግን ይውላል።

አንድ ልጅ ነበራቸው። ሊሙ ገነት ገበያ በሄደበት በአፈሳ ተይዞ ወደ ጦሩ ተላከ። ዓመት ሳይሞላ አብሮት የዘመተ የሰፈራቸው ልጅ አንድ እጁን እዚያው ትቶ ተመለሰና "ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ" አለ። ሽማግሌዎች ከንጋት ሶላት በኋላ መርዶውን ሊነግሩ ሄዱ። አዮ በሩ ላይ ቆመው ሰሟቸውና "አልገነዛችሁ፣ አልቀበራችሁ፣ ምን ልታስለቅሱኝ መጣችሁ?" ብለው መለሷቸው። ያን ቀን ከሰዓት ከኛ ቀድመው መጋዘን ገቡ። ሀዘን አልተቀመጡም፣ ዱዓ አላስደረጉም። እኛም ግራ ገባን፤ አላህ ይማረው እንበል ወይስ ደብዳቤ ጻፈ ወይ ብለን እንጠይቅ? አንዱንም ሳንል እንዲሁ እንለቅማለን።

እንግዲህ በዚያች ሰኞ ሴቶቹ ሳቁብኝ። "እንቅልፍ ወስዷት ሁለት ፊልም ቀላቅላ ነው" አለች አንዷ። እልህ ያዘኝ። እኔ ደግሞ እልህ ሲይዘኝ ከአፌ የማይወጣ ነገር የለም።

"ጥይቱ ባዶ ነው!" አልኩ። "የስለላ ዘዴ እኮ ነው! የራሱ ወገኖች ናቸው የገደሉት ያስመሰሉት። ሞቷል ተብሎ ሲታመን ጠላት መሃል ገብቶ እንደልቡ እንዲሠራ ነው።"

ይህን ከየት እንዳመጣሁት ፈጣሪ ይወቅ። ካቦው በአጠገባችን ሲያልፍ ሰምቶ ቆመ። የቀድሞ ወታደር ነው፤ በዕድሜው "አላውቅም" የሚል ቃል ወጥቶት አያውቅም። "ልክ ናት፣" አለ ራሱን እየነቀነቀ፣ "እንዲህ ያለ ነገር አለ። የሚያውቅ ያውቀዋል።"

ሴቶቹ "አሃ!" አሉ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ዞር ስል የአዮ ጣቶች ቆመዋል። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስለቅም ያ ጣት ሲቆም አላየሁም።

"ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "ከሩቅ ያየ ሰው፣ ሳይዋሽም፣ ሞቷል ብሎ ሊምል ይችላል ማለት ነው?"

"ይችላል እንጂ አዮ! ለምን አይችልም!"

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ምነው ምላሴን ቡን ባደረገው።

አንድ እጁ የተቆረጠው ልጅ በመጋዘኑ በር ላይ ሲጋራና ክብሪት ይሸጥ ነበር። እስከዚያ ቀን አዮ ሰላም ብለውት ያልፉ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሥራ በገቡና በወጡ ቁጥር ይቆሙበታል። ጭካኔ አልነበረም፣ እንዲያውም እየለመኑት ነው የሚመስለው።

"ደም አየህ ልጄ?"

"አየሁ አዮ።"

"ነካኸው?"

"አልደረስኩበትም፣ ይተኮስ ነበር።"

"ሳትነካው ታዲያ በምን አወቅህ?"

በየቀኑ አንድ ጥያቄ። ልጁ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይመልስ ነበር፤ እየቆየ ክብሪቶቹን ደጋግሞ እየደረደረ ማመንታት አመጣ። ከወር በኋላ "እኔም እንጃ አዮ፣ ጭስ ነበር" ሲላቸው በጆሮዬ ሰማሁ። አዮ "አልሃምዱሊላህ!" ብለው ትከሻውን ሳሙት። "ከሞት ተነሳ" ብላ ለነበረችው ለዳውሮዋ ሴት በዚያ ሳምንት ከሽርጣቸው ጫፍ ፈትተው ቴምር ሰጧት። ደስ ብሏቸዋል እኮ! እሳቸው ሲደሰቱ ሳይ እኔም እደሰታለሁ፣ በሩን ሳልፍ ግን ልጁን ላለማየት አንገቴን እደፋለሁ።

አንድ ቀን ልጁ በሩ ላይ አስቆመኝ። "ፊልም ያወራሽላቸው አንቺ ነሽ አሉ፣" አለኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ሲወድቅ አይቼዋለሁ። አሁን ሳስበው ግን ይነሳል። አቧራውን አራግፎ አብሮኝ ሻይ ይጠጣል። በእናትሽ፣ ያየሁትን አየሁ ወይስ አላየሁም? አንድ እጄን ሰጥቻለሁ፣ አእምሮዬን እንኳ ተዉልኝ።"

 ዋሽቻለሁ እንዳልል የዋሸሁ መሆኔንም አላውቅም፤ ጥይቱ ባዶ ቢሆንስ? ባይሆን የፊልሙ ልጅ እንዴት ባቡር ላይ ወጣ? ሳስበው ሳስበው እኔው የፈጠርኩትን እኔው ማመን ጀምሬ ነበር። ከኪሴ ሣንቲም አውጥቼ የማላጨሰውን ሲጋራ ገዝቼ ሄድኩ።

በሦስተኛው ወር ያው ፊልም ተመልሶ መጣ። የመጋዘኑ ሠራተኞች ማኅበር ትኬት አደለ። አዮ ሲኒማ ቤት ገብተው አያውቁም፤ "ለኔም ስጡኝ፣ ያንን ልጅ በዓይኔ ልየው" አሉ። ልከለክላቸው ፈለግሁ፣ በምን አፌ? እሑድ ዕለት የዒድ ሻሻቸውን አስረው መጡ። ወንበራችን እስክንደርስ በመንገዳችን የተቀመጠውን ሰው ሁሉ እያንዳንዱን ሰላም አሉት። ሰዉ ሳቀ፣ ግን ሁሉም መለሰላቸው።

መብራት ጠፋ። ግድግዳው መጣ፣ ጠመንጃው ተደገነ። እኔ አሁንም ፊቴን ሸፈንኩ። በጣቶቼ መሃል ሳያቸው አዮ አልሸፈኑም፤ አንገታቸውን አስግገው፣ ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ እየተንቀሳቀሱ፣ ቡና እንደሚለቅሙ ሆነው ያያሉ። ከዚያ ልጁ ሾርባውን ሲጠጣ "በላ፣ ጎሽ" አሉ። እናቱ የኮቱን ክርን ስትጥፍለት "ወፍራም ክር ነበር የሚሻለው" አሉ። የሚሮጠውን ጽሑፍ በጆሯቸው ላንሾካሹክ ብሞክር በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ። መጨረሻ ላይ ልጁ ባቡሩ ላይ ሲዘል "ህ!" የሚል ትንፋሽ ወጣቸው። 

ስንወጣ ገና ፀሐይ ነበር። የአዌቱ ወንዝ ድልድይ ጋ ደረስን። አዮ ብረቱን ደገፍ ብለው ቆሙ።

"ኪሱ መቼ ነው የተቀደደው?" አሉኝ።

"የምን ኪስ?"

"የኮቱ ነዋ፣ የግራው። ባቡሩ ላይ ሲዘል የበሩ ብረት ያዘውና ቀደደው። አላየሽም?"

"አላየሁም አዮ።"

"ግድግዳው ጋ ሲያቆሙትም ኪሱ ተቀዶ ተንጠልጥሏል። ሾርባ ሲጠጣ ግን ደህና ነበር።"

እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ እንግሊዝኛ አንባቢዋ፣ ነገሩ አልመጣልኝም። "እና?" አልኩ እንደ ጅል።

"እናማ ባቡሩ ይቀድማል ልጄ። ግድግዳው ከባቡሩ በኋላ ነው። ባቡሩ ላይ ያዙት ማለት ነው። ሠሪዎቹ መጨረሻውን መጀመሪያ አሳዩንና እየሳቀ ሲሄድ ጨረሱት።"

"ምናልባት ሌላ ኮት ቢሆንስ..."

"በዚያ በተጣፈ ክርኑ? ድሃ ነው፣ ኮቱ አንድ ነው።"

"ምናልባት እናቱ በኋላ..."

"ማሎ፣" አሉኝ፤ እባክሽ ማለታቸው ነው። "ተይኝ። የልጄን ነገር ከፊልም አልማርም፣ ፊልም ፊልም ነው። ግን ሠላሳ ዓመት ጥቁሩን ፍሬ ነጭ ነው ብዬ አላውቅም፤ ዓይኔ ያየውን አላየሁም አልልም። ያን ምስኪን ልጅ ግን አላየህም እያልኩ ሦስት ወር ሙሉ አሠቃየሁት።"

እዚያው ድልድዩ ላይ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ሻሻቸውን አስተካከሉና "ነገ ለቀማ አልመጣም፣ ለሴቶቹ ንገሪያቸው" ብለውኝ ወደ መንደራ ሄዱ።

በማግስቱ ከሰዓት መጋዘኑ ባዶ ሆነ። ካቦው እንኳ ሳይቆጣ አብሮን ወደ አዮ ቤት መጣ። ቤቱ በሴት ሞልቷል፣ አዮ ለሀዘን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ያ ሲጋራ ሻጭ ልጅ መግባት ፈርቶ አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር። አስጠሩትና ፊት ለፊታቸው አስቀመጡት።

"ያየኸውን ንገረኝ፣" አሉት። "ከመጀመሪያው ጀምረህ እስከ መጨረሻው፣ አንዱንም ከቦታው ሳታነሳ። እኔ ከእንግዲህ አልጠይቅህም።"

ልጁ ነገራቸው። ከሥልጠናው ጀመረ፤ አብረው የበሉትን ምስር፣ የተዋዋሱትን ካልሲ፣ የወጡትን ዳገት፣ ተኩሱን፣ ጭሱን፣ ሲወድቅ። ከዚያ በኋላ ያለውን ስለማያውቀው እዚያ ላይ አቆመ። አዮ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ፣ የልጁን አንድ እጅ ይዘው ሳሙት፣ ከዚያ ያ ከመርዶው ቀን ጀምሮ የታፈነ ለቅሶ ወጣ። ቤቱ አብሮ አለቀሰ። እኔ በሩ ላይ ጫማ የሚወልቅበት ጋ ቆሜ ነበር፤ ጫማዬን አላወለቅሁም።

ለቅሶው ጋብ ሲል አዮ ቀና ብለው አዩኝ።

"ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ፣" አሉኝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። "ለልጄ ሦስት ወር የጨመርሽለት አንቺ ነሽ።"

ወቀሳ ይሁን ምርቃት ያኔም አልገባኝም፣ ዛሬም አልገባኝም። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉልኝና ጫማዬን አውልቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።