ለገጫቸው ሰው ዋስ የሆኑት እትዬ አልጋነሽ

ቦንጋ ገበያ ውስጥ እትዬ አልጋነሽን የማያውቅ የለም። ከማንኪራ ጫካ የሚመጣ ማር ይሸጣሉ፤ ማራቸው ጣፋጭ፣ ምላሳቸው ግን እሬት ነው። "ቅመስና ሂድ፣ ፊትህን አይቼዋለሁ፣ አትገዛም!" ይላሉ። ማንም አይቀየማቸውም። እንዲያውም ሳይሰድቡት የዋለ ሰው ገበያ የሄደ አይመስለውም።

ታዲያ ባለፈው ጥቅምት ሰላሐዲን የሚባል ባጃጅ ነጂ፣ ከወሎ መጥቶ ቦንጋን ገና ያልለመደ ልጅ፣ ቁልቁለቱን ሲከንፍ ወርዶ እሳቸውን ከነማራቸው ገለበጣቸው። ማሩ ፈሰሰ፣ ቀኝ እጃቸው ተሰበረ። እትዬ አልጋነሽ የልጁን ሰባት ቤት እየተራገሙ ሆስፒታል ደረሱ። ያደረሳቸውም እሱ ራሱ ነው፤ ፖሊስ ያገኘውም እዚያው በር ላይ ቆሞ ነው።

የዋስትናው ጉዳይ በሚታይበት ቀን እጃቸውን በጀሶ አንጠልጥለው ፍርድ ቤት ሄዱ። የእጁን ሲያገኝ ማየት ፈልገዋላ! ከሰላሐዲን በፊት ወንድማገኝ የሚባል የባለሱቅ ልጅ ቀረበ። ሰው ደብድቦ ሲሸሽ ሺሺንዳ ከተማ ላይ ከአውቶቡስ አውርደው የያዙት ነው። አባቱ አገር የሚያውቀው ዋስ አቀረቡለትና ወጣ። ቀጥሎ ዳኛዋ ሰላሐዲንን "የአካባቢው ነዋሪ የሆነ፣ የሚያውቅህ ዋስ አለህ?" ሲሉ ጠየቁት።

"እዚህ የሚያውቀኝ ሰው የለም፣ ክብርት ዳኛ።"

"እንግዲያው እስክታገኝ ማረፊያ ቤት ትቆያለህ።"

ልጁ አቀረቀረ። እትዬ አልጋነሽ ልባቸው ቅቤ መጠጣት ሲገባው ጭራሽ ቱግ አሉ። ሮጦ የተያዘው ወጥቶ ያልሮጠው ሊታሰር? ኧረ ጉድ ነው!

"እኔ አውቀዋለሁ!" ብለው ብድግ አሉ።

"እርስዎ ተበዳይዋ አይደሉም እንዴ? ከየት ያውቁታል?"

"ገጭቶኝ ነዋ!"

ችሎቱ በሳቅ ሞላ።

"ሳቁ እንጂ! ባጃጁ ሞተሩ አልጠፋም፣ መንገዱም ባዶ ነበር። ሊያመልጥ ቢፈልግ ማን ይይዘው ነበር? እኔ እየረገምኩት ተሸክሞ አደረሰኝ። ያኔ ያልሸሸ ሰው አሁን የት ይሄዳል? ዋሱ እኔ ነኝ!"

ዳኛዋ ትንሽ አሰቡ፤ ፈገግም አሉ መሰለኝ። ከዚያ እትዬ አልጋነሽን በግራ እጃቸው አስፈርመው ልጁን ለቀቁት።

ገበያው ግን ዝም አላለም። አጠገባቸው ኮረሪማ የምትሸጠው ሩሀማ "ይኼኔ ደሴ ገብቶ ተኝቷል" እያለች ታበሽቃቸው ነበር። እሳቸውም "አፍሽን ዝጊ!" ይበሉ እንጂ ውስጥ ውስጡን ፈርተው ነበር። እሱ ከጠፋ ከእንግዲህ ለባይተዋር ማን ዋስ ይሆናል?

በቀጠሮው ቀን ጠዋት በራቸውን ሲከፍቱ ሰላሐዲን ዣንጥላ ይዞ ደጃፋቸው ላይ ቆሟል።

"እትዬ፣ ፀሐዩ እንዳይጎዳዎት ብዬ ነው።"

እንባቸው መጣ። ዞር ብለው በነጠላቸው ጠረጉና "ክሱን እኮ አልተውኩልህም!" አሉት።

"አውቃለሁ፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ና ደግፈኝ፣ እንዳናረፍድ።"