ስለ ጠጠሩ እንጂ ስለ ጉበቱ አልተናገርኩም

የሐሞት ከረጢቴ በቀዶ ጥገና በወጣ ማግስት ሐኪሙ ጠጠሮቼን በትንሽ ጠርሙስ አድርጎ ሰጠኝ። ሰባት ናቸው፣ ሽምብራ ሽምብራ የሚያካክሉ። ቤት እስክደርስ እንኳ አልታገስኩም፤ ባጃጅ ውስጥ አውጥቼ ለሾፌሩ አሳየሁት። «ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ተሸክመህ ነው ከታች ከሲቀላ ሽቅብ ሴቻ ሰፈር ስትወጣ የነበረው?» አለኝ። ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ከጠርሙሱ ጋር የተሰጠኝን ወረቀት ግን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ጉበቴ ላይ ስብ አለ ይላል። ሐኪሙ ቁጭ አድርጎ አስረድቶኛል። «ጠጠሩ ስለወጣ ሕመሙ ይተውዎታል። ጉበትዎን ግን ቀዶ ጥገናው አላዳነውም፤ እንዲያውም ከረጢቱ ከወጣ በኋላ ስቡ የሚብስባቸው ሰዎች አሉ። ቅቤና ጮማ ይቀንሱ፣ ስኳር ይቀንሱ፣ በእግር ይሂዱ። ከስድስት ወር በኋላ ላይዎት።»

እኔ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። እኛ ዘንድ መጠጥ ነውር ነው፤ ጉበት ሲባል ደግሞ ሰው ሁሉ ወዲያው የሚታየው ጓሮ የተደበቀ የአረቄ ጠርሙስ ነው። ቢራ እንኳ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ታዲያ ስሜ በስብ ይጥፋ? ለሚስቴ ብቻ ነገርኳት። «ለሰዉ እንንገርና ይወቁት» አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ግትር ነኝ፣ አልክድም።

ጠያቂው ጎረፈ። እኛ ሰፈር የታመመ ሰው ቤት ባዶ እጁን የሚመጣ የለም፤ የተቀደደ ሰው ደግሞ ቁስሉ የሚጠገነው በቅቤ ነው ተብሎ ይታመናል። ቆጮው በቅቤ፣ ቅንጬው በቅቤ፣ ዶሮውም በቅቤ ሆኖ መጣ። ትንሽ ሳንገራግር «ሐሞትህ ወጣ አይደል? ከእንግዲህ ምን ያምሃል?» ይሉኛል። ክርክሩን ወደድኩት። እውነቱን ለመናገር ቅቤውንም ወደድኩት።

ከሁሉም የበረቱት ጎረቤታችን ነበሩ። የጨንቻ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ከዘመድ በሚወርድላቸው የደጋ ቅቤ የገብስ ገንፎ ያሰናዱና በየሁለት ቀኑ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ሳህኑን እስክጨርስ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ቁስሌ ከዳነ በኋላም አላቆሙም፣ እኔም በቃኝ አላልኩም።

አንድ እሑድ ለምስክርነት ወጣሁ። «ፈጽሞ ድኛለሁ!» አልኩ። አዳራሹ በሃሌሉያ ተናወጠ። ሚስቴ ብቻ አላጨበጨበችም፤ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር።

በስድስተኛው ወር ሐኪሙ አልትራሳውንዱን ሆዴ ላይ እያንሸራተተ ምስሉን ደጋግሞ አየ። ስቡ ብሷል፤ ሆዴም ገፍቷል። «እንዲህ ከቀጠሉ ጉበቱ ጠባሳ ይዞ ይደድራል። ያኔ መመለሻ የለውም» አለኝ። ፈራሁ። የቀዶ ጥገናው አልጋ ላይ ስወጣ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

ቤት ስደርስ ጎረቤታችን ገንፎአቸውን ይዘው ሳሎን ተቀምጠዋል። ሚስቴ አየችኝ። ማንኪያውን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

«እማማ፣ ከእንግዲህ ይሄን አልበላም።»

«ምነው ልጄ? ቅቤው ሸተተህ?»

«አይደለም። ጉበቴ ታሟል፤ ስብ ይዞታል። ሐሞቴ ሲወጣም ታሞ ነበር። ጠጪ ነው ይሉኛል ብዬ ደበቅኳችሁ።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጠጋ አሉኝ።

«ሳይጠጡም ጉበት ይታመማል?»

«ይታመማል።»

«ማን አለ?»

«ሐኪሙ። እኔም ይኸው፣ ቀምሼ አላውቅም።»

ሳህኑን ከፊቴ አነሱና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ባለቤቴ በጉበት ነው የሞተው» አሉ። «ሆዱ አብጦ። ሰዉ ሁሉ በድብቅ ይጠጣል አለ፤ እኔም አልኩ። እስኪሞት ድረስ ‹አልጠጣሁም፣ እመኚኝ› እያለ ይለምነኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አመንኩህ አላልኩትም።»